ምጣዱ፣ ባልዲውና የካፌው ትራፊ፦ ቤትና ግቢ ውስጥ ብክነት የምትቀንሱት በምንድን ነው?

ሦስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ሰላምታው አጭር፣ ስብከቱ ረጅም ሆኗል። ክበቡ ያደላትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የልብስ ማድረቂያ ማሽን አጠቃቀምዎን ይቀንሱ፣ መኪናዎን ትተው በብስክሌት ይሂዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ አይብሉ ይላል። እኛ ልብስ የምናሰጣው በረንዳ ላይ ነው። የምንሄደው በሚኒባስ ነው። ጾሙን ከቆጠርነው ደግሞ እማዬ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ አትቀምስም። ማን ማንን ነው የሚመክረው?

ወረቀቱን አጣጥለን ከሳቅን በኋላ ግን ጥያቄው አልቀረልንም። የመብራት ሂሳብ እየጨመረ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቆሻሻ አንሺዎቹ ሲመጡ ከእኛ ቤት የሚወጣው ማዳበሪያ አፉ ድረስ ሞልቶ ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም፣ ቀበሌ ቤት፣ ኪራይ ቤት ወይም ዶርም የምትኖሩ ሰዎች፣ እናንተ ራሳችሁ የምታደርጉትንና ለውጥ ያያችሁበትን ንገሩኝ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ዝርዝር አታምጡብኝ፣ እሱን እህቴ ትልክልኛለች።

ጋሽ ቆጣሪ፦
ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ቤት ውስጥ ኃይል የሚበላው የሚያበራ ነገር ሳይሆን የሚያሞቅ ነገር ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። 3.5 ብለን እንያዝ። እስኪግል 15 ደቂቃ ከቆየ፣ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል። በዚያ ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 100 ሰዓት ያህል ይበራል። አምፖል አላጠፋችሁም ብሎ ልጆቹ ላይ ሲጮህ የሚያመሽ አባወራ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ያጥፉ፣ ደግ ነው፣ ሂሳቡ ግን ያለው ማድ ቤት ነው።

ቀጥሎ ቦይለር። ብዙ ሰው ሌት ተቀን ሰክቶ ይተወዋል። ውሃው ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ ደግሞ ይሞቃል፣ ማንም ሳይታጠብበት። ከመታጠብህ በፊት አብርተህ ስትገባ አጥፋው። ከዚያ ካውያ ነው፤ ሸሚዝ በየጠዋቱ አንድ አንድ ከመተኮስ የሳምንቱን ባንዴ ተኩሶ መስቀል። ቴሌቪዥንና ቻርጀር ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። ታሪፉም ደረጃ በደረጃ እንደሆነ አትርሳ፤ ፍጆታህ በጨመረ ቁጥር የምትከፍልበት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል።

አብሲት፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች የማስረክብ ሴት ነኝ፣ የምጣዱን ነገር ለኔ ተዉት።

ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሊጡ ሊያልቅ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀረው ማብሪያውን አጠፋለሁ። የመጨረሻዎቹ በያዘው ሙቀት ይበስላሉ፣ ዓይናቸውም አይጠፋም። ከዚያ ምጣዱ ለብ እስኪል ድረስ ሌላ ሥራ አለው፤ ተልባ ወይም ሱፍ አምስበታለሁ፣ ካልሆነም ለድርቆሽ የቆራረጥኩትን እንጀራ እዘረጋበታለሁ። አክንባሎውን ደግሞ እዩት። ጠርዙ ተሸራርፎ ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ እንፋሎት ካመለጠ እንጀራው ቶሎ አይበስልም፣ በየአንዱ እንጀራ ላይ ትንሽ ትንሽ ደቂቃ ትጨምራላችሁ። ሠላሳ እንጀራ ላይ ሲደመር ቀላል አይደለም። ምጣዱንም በጎመን ዘር በደንብ አሰሱት፤ የሚይዝ ምጣድ ሊጥም መብራትም ያባክናል።

ለቤታችሁ ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ዛሬ እነእገሌ ቤት ምጣድ ሲጋል ያንቺን ሊጥ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ በሚቀጥለው እነሱ ይመጣሉ። ጋሼ ያሉት የማጋያው 15 ደቂቃ ለሁለት ቤት ተካፈለ ማለት ነው፣ ወሬውም አይከፋም።

ስለ ትራፊ ካነሳን፣ እንጀራ ሻጋታ እስኪያወጣ ምን ያስጠብቃል? ሦስተኛ ቀኑ ላይ ሲደርቅ ለፍርፍር፣ ከዚያ የተረፈው ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ ለድርቆሽ። ሰው ወደ ውጭ አገር ለዘመድ በኪሎ የሚልከውን ነገር እኛ ገንዳ ውስጥ እንጥለዋለን።

ልክ ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ህዳሴ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ውሃው ወርዶ ተርባይን ያዞራል፣ ጭስ የለው፣ ከሰል የለው። እኔ ምጣድ አጠፋሁ አላጠፋሁ ለአካባቢ ምን ይጨምራል? ለኪሴ ከሆነ እሺ። አካባቢ ጥበቃ የሚለው ግን ፋብሪካ ላለው ይነገረው፣ በቀን አንድ ባልዲ ውሃ ለሚታጠብ ሰው አይደለም።

ጋሽ ቆጣሪ፦
ግድቡና ያንተ ማድ ቤት መካከል ትራንስፎርመር አለ ልጄ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ገብቶ ምጣዱን፣ ስቶቩን፣ ቦይለሩን አንድ ላይ ይሰካል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር የተተከለው ቤቶቹ ግማሽ በነበሩበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሲጨናነቅ መጀመሪያ መብራቱ ይደክማል፣ አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ሲብስ ራሱ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። እሱ እስኪቀየር ሰፈሩ በምን ያበስላል? በከሰልና በእንጨት። ያንተ ንጹሕ የውሃ መብራት እዚያ ላይ ጫካ ሆኖ ይወጣል። ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ ጋግሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ያው ኃይል፣ ሰዓቱ ብቻ የተለየ።

ልክ ነኝ፦
ይህኛው ገባኝ። ፌስታል ተከለከለ የሚሉት ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ዘንቢል፦
ፌስታል የሚለውን ሳይ ገባሁ 😄 ስስ ፌስታል የተከለከለው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ነው፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አይመረትም፣ አይገባም ተብሎ ነበር። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጎመንም ቲማቲምም በዚያው ስንሸከም ኖርን። በ2017 የወጣው አዋጅ ጠበቅ ያለ ነው፣ መገበያያ ፌስታሉን ራሱን ነው የከለከለው።

አዋጁን ተዉትና ወደ ቤት እንምጣ። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ያላበው እንጀራ በማግስቱ ይሻግታል። ዳቦም እንደዚያው። በጨርቅ ከረጢት ወይም በሰፌድ የሄደ እንጀራ አንድ ቀን ይጨምራል። ሥጋ ቤት የራሴን ክዳን ያለው ሳህን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባለሥጋው መጀመሪያ ሳቀ፣ አሁን ዕቃሽን አምጪ ይለኛል። ሃይላንድና ጀሪካን ከቆሻሻ ጋር ቀላቅላችሁ አትጣሉ፤ ለብቻው ካጠራቀማችሁት ቆራሌው ይወስደዋል። የወጥ ዘይት የተቀባ ሃይላንድ ግን እሱም አይፈልገውም።

ጂሲ ነኝ፦
ለእህትህ ይህን ንገራት፦ ፖስተር መለጠፉ ይብቃና ክበቡ የተማሪ ካፌው በር ላይ ይቁም። የእኛ ግቢ ትራፊ መጣያ በርሜል ጠዋት በዳቦ፣ ምሳ በእንጀራ ይሞላል። ተማሪ ጠግቦ አይደለም። ሁሉም ሰው አንድ ልክ ይሰጠዋል፣ ወጡ ሲቀጥን እንጀራው ይተርፋል፣ ትሪው እንዳለ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ ማታ ያው ልጅ ርቦት ላውንጅ ገብቶ ብስኩት ይገዛል።

እኛ ጋ የተሞከረው ቀላል ነገር ነበር። ሰልፉ ላይ «ግማሽ» ማለት ይቻላል፣ ያልበቃው ደግሞ ሰልፉ ሲያልቅ ጭማሪ ይወስዳል። ለወጥ ቤት ሴቶቹ መጀመሪያ ሥራ የጨመረባቸው መስሎ ነበር፤ በኋላ ግን በርሜሉን የሚያወጡት ራሳቸው ስለሆኑ እነሱው ግማሽ ነው ሙሉ ብለው ይጠይቁ ጀመር። ጭማሪ ካልተፈቀደ ግን አይሠራም፣ ማንም በባዶ ሆድ ለአካባቢ አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ሰኔ ላይ ተመርቆ የሚወጣ ጂሲ ባልዲውን፣ ሳፋውን፣ ጀሪካኑን፣ የሎከር ቁልፉን ኮሪደር ላይ ጥሎ ይሄዳል። መስከረም ላይ አዲስ ገቢው ፍሬሽ መጥቶ ያንኑ ዕቃ በር ላይ በእጥፍ ይገዛል። የኛ ብሎክ ልጆች አንድ ባዶ ክፍል አስፈቅደን አስቀመጥነው፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ቁልፉን ያዙ። ሀንድአውትም እንደዚያው ከዓመት ዓመት ይወረሳል፤ መምህሩ ስላይዱን ካልቀየረ እንደገና ማባዛት ለምን? ስላይድ የማይቀይር መምህር ደግሞ እንደምታውቁት እጥረት የለም።

ፍሬሽማን፦
ስቶቭስ? ነን ካፌ ነኝ፣ ከግቢ ካፌ አልመገብም፣ ዶርም ውስጥ ማብሰል ካልቻልኩ በየቀኑ ውጭ መብላት አቅሜ አይፈቅድም። ደግሞ የራሴን ሳበስል ትራፊ የለኝም።

ፕሮክተር ነበርኩ፦
የኔ ልጅ፣ ስቶቭ ስንወርስ የሚደሰት ፕሮክተር የለም። የዶርሙ መስመር የተዘረጋው ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ነው። በአንድ ኮሪደር አሥር ክፍል ስቶቭ ሲሰካ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ አታዩትም። ብሬከሩ ሲወርድ ደግሞ አንዱ ጎበዝ በወፍራም ሽቦ ያያይዘዋል፣ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው። ተማሪዎች በክበብም ሆነ በኅብረት መጠየቅ ያለባቸው በየብሎኩ የራሱ መስመር ያለው አንድ ማብሰያ ክፍል ነው። አራት ልጅ አንድ ድስት ሽሮ ቢሠራ አራት ስቶቭ አይበራም።

ስለ ውሃ ላክልበት። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ ሞክሮ ሳይዘጋው የሚሄድ አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃው ሲመጣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ኮሪደሩ፣ አንዳንዴም ዶርሙ ይጥለቀለቃል። ጠዋት ሲነሱ የሮቶው ውሃ አልቋል። ክበባችሁ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ ብትሉኝ ማታ ማታ ቧንቧ እየዞረ የሚዘጋ ተረኛ እመድብ ነበር። ጎማው ያለቀ ቧንቧም አለ፤ በሴኮንድ አንድ ጠብታ ከሆነ በቀን 20 ሊትር ያልፋል። ይህ አንድ ጀሪካን ነው። ጎማው የሳንቲም ዕቃ ነው።

ሰማያዊ ሻሽ፦
ወንዶች ስለማያነሱት እኔ ላንሳው። ሴቶች ዶርም ውስጥ ሽንት ቤት ከሚደፍነው ነገር ዋናው ሞዴስ ነው። ታጥቦ የሚደገም አለ። መቀሌ ውስጥ ፍሬወይኒ መብራህቱ ያቋቋመችው ማርያም ሳባ የሚባለው ፋብሪካ ይሠራው ነበር፤ እሷም በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ዋጋውን ከወር ወር ወጪ ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ይታያችኋል።

ችግሩ ሞዴሱ ላይ አይደለም። ዶርም ውስጥ ማጠቢያ ውሃ አለ ወይ? የት ይሰጣል? ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል መስኮት ላይ ማንም አትሰቅለውም። ጥላ ውስጥ ተደብቆ እርጥብ የሚቆይ ጨርቅ ደግሞ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ ፀሐይ ይፈልጋል። የኛ ፎቅ ሴቶች ያደረግነው የጣሪያውን በረንዳ በጆንያ ጋርደን ለሴቶች ብቻ ማስጫ ማድረግ ነው። ገመድና ጆንያ፣ በቃ። ይህን ለማስፈቀድ የተደረገው ስብሰባ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የጓሮ ጎመን፦
ሦስተኛ ፎቅ፣ ማዳበሪያው ሙሉ ነው ያልከው ውስጡ ምንድን ነው? ገልብጠህ እየው። ሽንኩርት ልጣጭ፣ ድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። እሱ ሁሉ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሄዶ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 የተናደው ክምር ከ110 ሰው በላይ ገድሏል፣ ያንን ማስታወስ የማያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነሐሴ 2010 የተመረቀው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያወጣው የረጲ ማመንጫም ቢሆን የሚቃጠለው ቆሻሻ እርጥብ ሲሆን ኃይሉ መጀመሪያ የሚሄደው ውሃውን ለማድረቅ ነው።

እኔ በረንዳ ላይ የማደርገው ይህን ነው። ጎኑ የተበሳሳ ጆንያ ወይም አሮጌ ባልዲ፣ ከታቹ የተቆራረጠ ካርቶን። በላዩ የማድ ቤት ልጣጭ፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ፣ ደግሞ ልጣጭ። ከሸተተ ረጥቧል ማለት ነው፣ ደረቅ ጨምሩበትና አገላብጡት። ከደረቀና ከቆመ ትንሽ ውሃ እርጩበት። ሥጋ፣ ዘይትና ወጥ አይገባም፣ አይጥ ይጠራል። የእንቁላል ቅርፊት ደቁሳችሁ ጨምሩ። ጎረቤቴ ጫት ይቅማል፣ ገረባው ደግሞ የኔ ነው፤ ምርጥ ቅጠል ነው፣ ገንዘብ አልከፈልኩበትም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥቁር አፈር ይሆናል። በተቆረጠ ጀሪካን ቆስጣና ጎመን ተከልኩበት፣ ከገበያ ጎመን መግዛት ቀንሻለሁ።

ሰፈራችሁ በግ የሚቀልብ ሰው ካለ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፣ ልጣጩን ለሱ ስጡት። በግ ካነሳሁ አይቀር፣ በበዓል ማግስት መንገድ ላይ የሚጣለው ቆዳ ያሳዝነኛል። ድሮ ቆዳ ገዢው በየበሩ ይጮህ ነበር። አሁን ዋጋው ወድቆ ውሻ ይጎትተዋል። ለዚህ መፍትሔ የለኝም፣ ከቤት የሚስተካከል ጉዳይም አይደለም።

ቡና ያለ ከሰል፦
ሁሉንም እሺ። ቡና በስቶቭ አፍሉ የሚል ሰው ግን እንዳይመጣ።

አብሲት፦
ማንም አላለሽም እህቴ 😄 ግን ላቀች ምድጃ ግዢ። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ቡናው ሲያልቅ የቀረውን ፍም ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ከተሽ ክደኚው፣ አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ ለነገ ይሆናል። ዝም ብለሽ ከተውሽው አመድ ሆኖ ያድራል። በር ዘግታችሁ ደግሞ ከሰል አታንድዱ፤ ብርድ ነው ብለው አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ቀርተዋል።

በእንጨት የምትጋግሩ ካላችሁ ምርጥ ምድጃ የሚባለው የሲሚንቶው አለ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ይቀንሳል። ጭሱም በዚያው ልክ።

ከነታንያ፦
ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ጋሽ ቆጣሪ ስለ ቦይለር ያሉትን ሳነብ ነው ያስታወሰኝ። እዚህ ጣሪያው ሁሉ ላይ ዱድ ሼሜሽ አለ፣ በፀሐይ ውሃ የሚያሞቅ ታንከር። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ግዴታ ነው። በጋውን ሙሉ የመብራቱን ማሞቂያ አንነካውም፣ ዝናብ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ እናበራለን። እናቴ ግን እዚህም ሆና ውሃ ፀሐይ ላይ በሳፋ ታወጣለች። ከጎንደር ይዛው የመጣችው ልማድ ነው፣ አልተዋትም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቤት ስታስገነቡ ወይም ጣሪያ ስትቀይሩ አስቡበት፣ በበጋ ፀሐይ ያን ያህል አታጡም።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬ አብሲት የጻፈችውን ጮክ ብዬ ሳነብላት «ይኼንን እኮ አውቀዋለሁ» አለችና የምጣዱን ቀን ከማታ ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወረችው። ከታች ካሉት ሴትዮ ጋርም ተነጋግራለች። ለእህቴ የ«ግማሽ» ሰልፉንና የቧንቧ ተረኛውን ልኬላታለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሹ የሚል ድምፅ እሰማለሁ፣ ውሃ ግን አይታየኝም። ይፈሳል ማለት ነው?

ፕሮክተር ነበርኩ፦
ቀይ ስር ቀቅለህ ውሃውን ታንከሩ ውስጥ ጨምር። ሳትለቀው ግማሽ ሰዓት ቆይ። መቀመጫው ውስጥ ቀላ ያለ ውሃ ካየህ የታንከሩ ጎማ ያፈሳል፣ ጎማው ይቀየራል። ትልቅ ታንከር ከሆነ ደግሞ ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ ውስጡ አቁመው፤ በለቀቅክ ቁጥር ያን ያህል ውሃ ይተርፍልሃል። ጡብ አታስገባ፣ እየተፈረፈረ መዝጊያውን ያበላሻል። ተንሳፋፊውንም እንዳይነካው አስተካክል።

ተከራይ፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት። እዚህ የተባለው ሁሉ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። አከራዬ ምጣድና ካውያ ክልክል ነው ብለዋል፣ ሂሳቡን ደግሞ በአምፖል ቁጥር ነው የሚያካፍሉን። ብቆጥብም ባልቆጥብም የምከፍለው እኩል ነው። እንጀራ እገዛለሁ፣ ወጥ በከሰል እሠራለሁ። ምን ልቆጥብ?

ጋሽ ቆጣሪ፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። በአምፖል ማካፈል የሚያስቀጣው ቆጣቢውን ነው፤ አንድ አምፖል ያለው ሰው ስቶቭ ሰክቶ ያመሻል፣ ሦስት አምፖል ያለው ይከፍልለታል። አከራይህም ምጣድ የሚከለክሉት ሂሳቡ በሳቸው ላይ እንዳይወድቅ ፈርተው ይሆናል።

የውስጥ ቆጣሪ የሚባል አለ፣ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ይሸጡታል። ከዋናው ቆጣሪ ኋላ በየክፍሉ መስመር ላይ ይገጠማል። ወር ሲያልቅ የየክፍሉ ንባብ ይደመርና ዋናው ሂሳብ በዚያ ልክ ይካፈላል። የግቢው ተከራዮች አዋጥታችሁ ወጪውን ብትሸፍኑ አከራይህ እምቢ የሚሉበት ምክንያት ይጠባል። ምጣድ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ሽቦው ወፍራም መሆኑን ባለሙያ ይየው፤ 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፣ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አይችለውም።

ተከራይ፦
አራት ተከራይ ነን። እሑድ ሁሉም ቤት ስለሚሆኑ አነሳዋለሁ። የገጠማ ዋጋውን የሚያውቅ ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።